በእኔ የእጅ ጽሑፍ

በቤታችን ራት ያለ ጥንድ አይበላም ነበር። እናቴ ሳህኖቹን ስታስቀምጥ አባቴ ከሸሚዝ ኪሱ አንዲት ካርድ ያወጣል። ካርዷ ላይ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ጎን ለጎን ተጽፈዋል። የሁለቱን ልዩነት እስክናገር ድረስ ማንም ዳቦ አይቆርስም። ተርቤ የተማርኩት ነገር እስከ ዛሬ አይረሳኝም።

አባቴ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ መምህር ነበር። ተማሪዎቹ ፊት ለፊት “ቲቸር”፣ ዞር ሲል ደግሞ “ልዩነት” ይሉታል። ሰው ሁሉ አንድ ናቸው ብሎ የሚያልፋቸውን ሁለት ቃላት ሰሌዳ ላይ አፋጥጦ “እነዚህ አንድ አይደሉም!” ሳይል ከክፍል አይወጣም ነበርና። ካርዶቹን የሚቆርጠው ከአሮጌ የፈተና ወረቀት ነው፤ በማስመሪያ ለክቶ፣ በመቀስ። ከሺህ በላይ ሆነው ነበር። ቁልፍ ባለው የእንጨት ሳጥን ውስጥ በፊደል ተራ ተደርድረው ይቀመጣሉ። አንድ ቀን መጽሐፍ ይሆናሉ ይል ነበር። የሳጥኑ ቁልፍ ከኪሱ አይለይም።

“ሂር እና ሊስን” ይለኛል።

“ሁለቱም መስማት ነው።”

“እንዲያማ ከሆነ አንደኛው ለምን ተፈጠረ? ሥራ ፈት ቃል የለም።” ጣቱ ላይ ሁልጊዜ ጠመኔ ስለነበረ ጠረጴዛውን ሲነካው ነጭ ነጥብ ይቀራል። “ሳትጠሪው ጆሮሽ የሚገባው ሂር ነው፤ ዝናቡ፣ የጎረቤት ጭቅጭቅ። ጆሮሽን ልከሽ የምታስመጪው ደግሞ ሊስን ነው። ገባሽ?”

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እንግሊዝኛን አባቴ ራሱ የሠራው ይመስለኝ ነበር።

እናቴ በዚህ ጨዋታ ውስጥ የለችበትም። አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ ሳለች እኔ መጣሁባትና ትምህርቷ እዚያው ቀረ። ቤት ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ ቀኑን ሙሉ ኮሌታ፣ እጅጌ፣ ኮሌታ፣ እጅጌ። አንዳንዴ ጥንዱን ልትመልስ አፏን ስትከፍት አባቴ ፈገግ ብሎ “አንቺ ተይው፤ አንቺ ጋ ሲደርሱ ቃላት ሁሉ እህትማማች ይሆናሉ” ይላታል። እሷ አፏን በእጇ ሸፍና ትስቃለች፤ እኔም እስቃለሁ። ደስ የሚል ቤት ነበረን ብዬ ለሰው ሳወራ የኖርኩት ይህንን ሳቅ ይዤ ነው። ሰው ሲስቅ አፉን የሚሸፍነው ጥርሱን ለመደበቅ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ በኋላ ነው።

አንድ ማታ ጥንዱ አሎን እና ሎንሊ ነበር። አሎን አጠገብሽ ሰው የለም ማለት ነው፣ ሎንሊ ግን ብቸኝነቱ ሆድሽ ገብቷል ማለት ነው ብሎ አስረዳኝ። እናቴ ሾርባውን እየጨለፈች “ሰው አጠገብ እያለስ ይሆናል?” አለች።

“ይሆናል እንጂ! ለዚህ እኮ ነው ሁለት ቃል ያስፈለገው” አላት። ጥያቄዋን በጣም ወደደላት። ካርዷን ገልብጦ ጀርባዋ ላይ ምሳሌ አድርጎ ጻፈው፤ ከዚያ ሾርባውን ጠጣ።

ወሬውን ያመጣችው ዩኒፎርሙን የምታሰፋት ነጋዴ ሴትዮ ናት። ከጋዜጣ ላይ የተቀደደ ማስታወቂያ ይዛ መጣች። በአውቶቡስ አምስት ሰዓት ርቆ ሐይቅ ዳር አዲስ ሆቴል ተሠርቷል፤ ለስልክና ለእንግዳ መቀበያ ሴቶች ይፈልጋል፤ ፈተናው እንግሊዝኛ ብቻ ነው፤ ስድስት ሳምንት ቀርቶታል። “አንቺ ድምፅሽ ራሱ ለስልክ የተፈጠረ ነው” አለቻት። “ምን ልሁን ብለሽ ነው እዚህ ኮሌታ ላይ የምትደፊው?” እናቴ ማስታወቂያውን አጣጥፋ ከስፌት መኪናዋ መሳቢያ ከተተችው። ሴትዮዋ ከሄደች በኋላ አራት ጊዜ ሲወጣና ሲገባ ቆጥሬያለሁ።

ለአባቴ የነገረችው ራት ላይ ነው፤ ካርዱ ከመውጣቱ በፊት። ትንፋሽ ሳትወስድ ተናገረችው። ለሠራተኛ መኝታ አለ፣ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜና እሑድ እመጣለሁ፣ ከዓመት በኋላ እናንተም ትመጣላችሁ፣ እዚያም ትምህርት ቤት አለ፣ መምህር የትም አይጠላም። አባቴ ማስታወቂያውን ሁለት ጊዜ አነበበው። እርሳስ አውጥቶ አንድ የሆሄ ስህተት አረመበት፤ ከዚያም መለሰላት።

“ጥሩ ነው። ሞክሪ” አለ።

እናቴ ደነገጠች። ለክርክር ተዘጋጅታ ነበር መሰለኝ፣ የጨው ዕቃውን ከቦታው አንስታ እዚያው ቦታው መለሰችው።

በሚቀጥለው እሑድ ከሰዓት በኋላ የሒሳቡ መምህር፣ የአባቴ የቅርብ ጓደኛ፣ መጣ። ሁለቱ ደጃፍ ላይ ወንበር አውጥተው ተቀመጡ። እኔ ከጀርባቸው መስኮቱ ሥር ጠጠር እጫወታለሁ።

“ሚስትህ ልትሄድ ነው አሉ።”

“አልከለክላትም” አለ አባቴ። “ሚስቱን አስሮ ያስቀመጠ መምህር ተብዬ ስሜ ይነሳ? ፈተናው ይከልክላት።”

“ብታልፍስ?”

“አታልፍም።”

እኔ ከዚህ ሁሉ ይዤ የሮጥኩት “አልከለክላትም” የሚለውን ነው። ጠጠሬን ጥዬ ወደ እናቴ በረርኩ፤ “እማዬ! አባዬ አልከለክላትም አለ! ለሒሳቡ መምህር ነገረው!” እናቴ መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰክታ አቀፈችኝ። የቀረውን ግማሽ ወሬ መስኮቱ ሥር ትቼው ነበር፤ ዓመታት አልፈው ነው ተመልሼ ያነሳሁት።

በማግስቱ አባቴ ጠራኝና በሩን ዘጋ። “እናትሽን አንቺ ታስተምሪያታለሽ” አለኝ። እሱ የማታ ተማሪዎች አሉት፤ ደግሞም ሚስት ከባሏ ስትማር ታፍራለች። “እኔ እየነገርኩሽ አንቺ ጻፊ። ስትጽፊው አንቺም ይገባሻል። ከየት አመጣሽው ካለችሽ ከትምህርት ቤት ነው በያት። እኔ እንዳለሁበት ካወቀች ድፍረቷ ይጠፋል። ምስጢር ነው፤ እሺ?”

እሺ ማለት ብቻ! ምስጢርና ሥልጣን በአንድ ቀን የተሰጠው ልጅ እንደኔ ይንቀባረራል። በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስመለስ ባዶ ካርዶች ተቆርጠው ይጠብቁኛል፤ እሱ ይናገራል፣ እኔ ምላሴን አውጥቼ በትልልቅ ፊደል እጽፋለሁ። ራት ላይ ያልወጡ ጥንዶች ነበሩ የሚመርጠው። አንድ ቀን ግን ቦሮው ማለት ማዋስ፣ ሌንድ ማለት መዋስ ብሎ አስጻፈኝ። በዚህስ አልታማም፤ በእርሳስ የተነሳ ከክፍል ጓደኛዬ ጋር ተጣልተንበት አስተማሪያችን አስረድታናለች።

“አባዬ፣ ተገለበጠ እኮ” አልኩት።

የግንባሩ ሥር ሲነሳ ትዝ ይለኛል። ከዚያ ሳቀና ካርዷን ከእጄ ወስዶ ለአራት ቀደዳት። “ጎበዝ! እየፈተንኩሽ ነበር። እንዳንቺ ያለ ተማሪ የለኝም” ብሎ ራሴን ዳበሰኝ። ያንን ቀን ጎረቤት ሁሉ ዘንድ ሄጄ አባቴ እንደፈተነኝና እንዳለፍኩ አውርቻለሁ።

እናቴ የምትማረው ከስፌት መኪናዋ ሳትነሳ ነው። እኔ የጨርቅ ክምር ላይ እቀመጥና ካርዱን አነባለሁ፤ ፔዳሉ ይቆማል፤ ትመልሳለች፤ ፔዳሉ ይቀጥላል። የማሽን ዘይትና የአዲስ ጨርቅ ሽታ ነበር ክፍሉ። “እስቲ ጠይቂኝ መምህርቴ” ትለኛለች፤ ስትመልስ ደግሞ አፏን አትሸፍንም። ሪፊዩዝ እና ዲናይ። ሪሜምበር እና ሪማይንድ። ቬኬንት እና ኢምፕቲ፤ ይኸኛውን ለሆቴል ያስፈልጋል ብሎ ነበር አባቴ። ቬኬንት ክፍል ማለት ውስጡ ዕቃ የሌለበት፣ ኢምፕቲ ክፍል ማለት እንግዳ ያልያዘው ብዬ አስተማርኳት። እሷም ሳሎኑን እያየች ትለማመደዋለች፤ ስልክ እንደያዘች አድርጋ መቀሱን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ።

አንዴ ብቻ ቆመች። “ሪፊዩዝ እምቢ ማለት፣ ዲናይ መካድ አልነበር እንዴ? እኛ ስንማር እንደዚያ ይመስለኛል።”

አላውቅም ማለት እችል ነበር። አባዬን ልጠይቅ ማለት ግን ምስጢሩን ያፈርሰዋል፤ ደግሞ መምህርት አላውቅም ትላለች እንዴ? “እሱ የድሮው ነው እማዬ” አልኳት አፌን ሞልቼ። “አሁን ተቀይሯል።”

“ዘመኑ ነዋ” አለች። “እሺ። ሪፊዩዝ መካድ፣ ዲናይ እምቢ ማለት።” ፔዳሉ ቀጠለ።

ይህቺን ውሸት አባቴ አላስጻፈኝም፤ የራሴ ናት።

ፈተናው ሲቃረብ እናቴ ከቁርጥራጭ የሰፋችውን ግራጫ ኮት ለብሳ መስታወት ፊት ቆመች። ሌላ ሰው መሰለችኝ፤ ቆንጆ፣ እንግዳ። ያን ጊዜ ነው መሄድ ማለት መሄድ መሆኑ የገባኝ። ኮቱን ይዤ “ፀጉሬን ማን ያበጥርልኛል? አትሂጂ! አትሂጂ!” እያልኩ አለቀስኩ፤ እስኪያስነጥሰኝ ድረስ። አባቴ ከበሩ ሆኖ ያየን ነበር። “ተያት፣ ልጅ ናት ይለፍላታል” አላት። በማግስቱ ግን ረስቼው ካርዶቼን ይዤ መጣሁ። ልጅ እንዲህ ነው፤ እናት ግን አትረሳም።

በፈተናው ቀን አባቴ ቦርሳዋን ተሸክሞ እስከ አውቶቡስ ጣቢያ ሸኛት። በመስኮት በኩል ውሃና ብርቱካን አቀበላት። አርባ የደረሱት ካርዶቼ በላስቲክ ታስረው ቦርሳዋ ውስጥ ነበሩ። ሰዉ እያየን ነበርና እንዲህ ያለ ባል ያላት ታድላ ያለ ሳይኖር አይቀርም። እኔም ብያለሁ።

በነገታው ከሰዓት በኋላ ተመለሰች። ኮቷን ሳታወልቅ ወንበር ላይ ተቀመጠች። “አልሆነም” አለች።

“አይዞሽ” አላት አባቴ። ሻይ ራሱ አፈላላት፤ አባቴ ሻይ ሲያፈላ ያየሁት ያን ቀን ነው። “እንግሊዝኛ ሲያዩት ይቀላል። የአንቺ ጥፋት አይደለም።” ይህን ደግነቱን ለብዙ ዓመት ለሰው ምሳሌ አድርጌ ተናግሬለታለሁ።

እናቴ ሻዩን አልነካችም። እኔን ነበር የምታየው፤ ረጅም ጊዜ፣ ፊቴ ላይ የጠፋባት ነገር ያለ ይመስል። ከዚያ ማበጠሪያውን አምጪ አለችኝ። ጉልበቷ መሀል አስቀምጣ ፀጉሬን ቀስ ብላ አበጠረችኝና “የትም አልሄድም። አትፍሪ፣ እሺ?” አለችኝ። የምታባብለኝ መስሎኝ ነበር። ደስ ብሎኝ ጭኗ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ከዚያ ወዲህ እናቴ እንግሊዝኛ ሲነሳ “ለእኔ ጭንቅላቱን አልሰጠኝም” ትላለች፤ በተለይ አባቴ ባለበት። ኮሌታውና እጅጌው ቀጠለ።

አሥራ አምስት ዓመቴ ላይ አንዲት አዲስ አስተማሪ ክፍል ውስጥ አስነስታ ዲናይ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። “እምቢ ማለት” አልኩ፤ ሳላመነታ። ሪፊዩዝስ? “መካድ።” ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። “የልዩነት ልጅ!” አለ አንዱ ከኋላ። ቤት ስደርስ አባቴ ተኝቶ ነበር፤ ከተሰቀለው ሱሪው ቁልፉን ወስጄ ሳጥኑን ከፈትኩ። ሁሉም በፊደል ተራው አለ። ለእናቴ ያስተማርኳትን በቃሌ አውቀው ስለነበር እያንዳንዱን ካርድ እያወጣሁ አስተያየሁት። ከአርባው ሃያ ስድስቱ የተገለበጠ ነበር። አሥራ አራቱን በትክክል ነበር ያስጻፈኝ፤ ጠንቃቃ ሰው አይደል! ሳጥኑ ውስጥ ያለው ግን አንዱም አልተዛነፈም። የደጃፉ ወሬ፣ መስኮቱ ሥር የተውኩት ግማሽ፣ ያን ጊዜ ተመልሶ ጆሮዬ ገባ።

ሳጥኑን ቆለፍኩ፤ ቁልፉን መለስኩ። ለእናቴ አልነገርኳትም። ቤቱ ይፈርሳል ብዬ ፈራሁ፤ ትክክለኛው ምክንያት ግን ካርዶቹ በእኔ እጅ መጻፋቸው፣ “ተቀይሯል” ያልኳትም እኔ መሆኔ ነው። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዋጥኩት። ጥንዶቹ ራት ላይ ቀጠሉ፤ እኔም እየመለስኩ ዳቦዬን በላሁ።

አሁን አርባ ዓመቴ ነው። ማተሚያ ቤት አራሚ ነኝ፤ የሰው ስህተት ለቅሜ ነው የምተዳደረው። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የተባለው ለእኔ ነው። አባቴ አምና ሞተ። የድሮ ተማሪዎቹ ካርዶቹን በስሙ መጽሐፍ ሊያደርጉለት ተሰበሰቡና እርማቱን ለእኔ ሰጡኝ፤ ለልጁ ክብር ነው ብለው።

ባለፈው ሳምንት የታተመውን ረቂቅ ይዤ እናቴ ቤት ሄድኩ። እሷ ከጠረጴዛው ማዶ መነጽሯን አድርጋ የትራስ ልብስ ትሰፋለች። እኔ ቀይ እስክሪብቶ ይዤ ገጽ እገልጣለሁ።

“ስህተት አለው?” አለችኝ።

“አንድም የለው።”

“አባትሽ መቼም ለቃል ታማኝ ነበር” አለች።

እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም። እስክሪብቶውን አስቀመጥኩና ነገርኳት። የተዘጋውን በር፣ ባዶዎቹን ካርዶች፣ እሱ ሲናገር እኔ ስጽፍ፣ ሃያ ስድስቱን። መናገሩን ስጨርስ መርፌዋ ጨርቁ መሀል ቆሞ ነበር።

“አንቺ አይደለሽም?” አለች።

“ምኑን?”

“ያደረግሽው... አንቺ አይደለሽም?”

ከዚያ የተናገረችውን እንደተናገረችው አስቀምጠዋለሁ። “ፈታኟ ወደ ቢሮዋ አስገባችኝ። ‘እርስዎ ቃላቱን በደንብ ያውቋቸዋል፤ ግን ሰው ሆን ብሎ ያዞረብዎት ይመስላል’ አለችኝ። ‘ከሦስት ወር በኋላ ይምጡ፣ ቦታውን እይዝልዎታለሁ’ አለችኝ። አውቶቡስ ውስጥ ካርዶቹን አውጥቼ አየኋቸው። ሁሉም የአንቺ ጽሕፈት ነው። ድሮ የተማርኩትን ‘ተቀይሯል’ ያልሽኝ ትዝ አለኝ። ኮቴን ይዘሽ ያለቀስሽው ትዝ አለኝ። ልጄ እንዳልሄድባት ብላ ነው አልኩ። በዘጠኝ ዓመቷ ይህን ሁሉ ተንኮል የሠራች ልጅ ምን ያህል ብትፈራ ነው፤ እንዴት ጥያት እሄዳለሁ አልኩ። ካርዶቹን መንገድ ላይ አቃጠልኳቸው፤ አባትሽ አይቶ እንዳይቀጣሽ። በሦስት ወሩም አልተመለስኩም።”

“እማዬ...”

“ሠላሳ አንድ ዓመት ይቅር ብዬሽ ነው የኖርኩት። አንቺን ይቅር ማለት አልከበደኝም፤ ልጅ ነበርሽ።” መነጽሯን አወለቀች። “የእሱን ይቅርታ ከየት አመጣዋለሁ? እሱን እኮ በደንብ አድርጌ ነው ያለቀስኩለት።”

የትራሱን ልብስ ጉልበቷ ላይ አጣጥፋ አስቀመጠችና ቀና ብላ አየችኝ፤ ያኔ ከኮቷ ጋር ወንበሩ ላይ ሆና እንዳየችኝ አይደለም።

“አንቺስ መቼ ነው ያወቅሽው?”

መዋሸት እችል ነበር። “አሥራ አምስት ዓመቴ ላይ” አልኳት።

ጣቶቿን አንድ በአንድ እያጠፈች ስትቆጥር አየኋት።

“ያኔ ገና ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር” አለች።